ለውጭ አገር ተማሪዎች ቅጽ የምትሞላዋን የጅማዋን እህት አመስግኑልኝ

ጅማ ውስጥ ከውጭ የመጣ ተማሪ የምታውቁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ሰው ላመሰግንም ልጠቁማችሁም ነው።

ማስተርሴን የምማረው በትምህርት ዘርፍ ነው። ዘንድሮ ፕራክቲከም፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ ነበረኝ። ሥራዬ ከሌላ አገር መጥተው እዚህ የሚማሩ ልጆች ምን እንደሚያስቸግራቸው ማየት ነበር። በትምህርቱ ቋንቋ ብዝኃነትና አካታችነት እንለዋለን። ሪፖርቱን አስገብቻለሁ፣ መምህሮቼም ወደውታል። ግን ዋናው ሐሳብ የመጣው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ካላት እህት ነው። "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላለችኝ አልጽፍም።

የተዋወቅነው በአንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ ምክንያት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት "ሰኞ በ3 ሰዓት ቅረብ" የሚል ወረቀት ሰጥቶት ነበር። ልጁ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ደረሰ። እሱ በሚያውቀው አቆጣጠር ልክ 3 ሰዓት ነው፣ ደቂቃ አላሳለፈም። ተራህ አልፏል፣ እንደገና አመልክት ተባለ። በዚያ የጅማ ዝናብ ማመልከቻ ልናስጽፍ አብሬው ወደ እሷ ቤት ሄድኩ። ሁለታችንም በስብሰን ነበር የገባነው።

ለምን ዘገየህ ብላ አልጠየቀችውም። ወረቀቱን አየችና፣ በልጅነቷ ቁርአን ስትቀራ በለመደችው አረብኛ ጥቂት አወራችው። የእሱ የጁባ አረብኛ ስለሆነ አንዳንዱን ቃል እየተሳሳቁ ነው የሚግባቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አብሽሪ፣ እሱ አልተሳሳተም፣ ወረቀቱ ነው ያልነገረው" አለችኝ። ያቺን ቃል እዚያው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ከዚያ ቀን በኋላ ፕራክቲከሜ ግማሹ እሷ ቤት አግዳሚ ላይ ሆነ። እኔ ስለ ባህል ልዩነት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ብቸኝነት የሚጠይቅ ረጅም መጠይቅ አዘጋጅቼ ነበር፤ ልጆቹ በጨዋነት ይሞሉልኛል፣ ግን ያስለቀሳቸው ነገር እዚያ ውስጥ አልነበረም። ያስለቀሳቸው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚመጣው። ቀን፣ ሰዓት፣ ስም።

ቀኑን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ የተወለደው በፈረንጅ 2004 ነው እንበል። ቅጹ ላይ እንዳለ 2004 ብሎ ከጻፈ፣ የሚያነበው ሰው በእኛ ዘመን ይወስደዋል። ሃያ ዓመት ያለፈው ወጣት በወረቀት የ14 ዓመት ልጅ ሆነ ማለት ነው። ስምንት መቀነስ ነው የሚል ሰው አለ፣ ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት ነው። ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ከሚመጡት ብዙዎቹ ሲወለዱ ስላልተመዘገቡ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የተጻፈው። ጃንዋሪ 1 ብዙ ጊዜ ታኅሣሥ 23 ነው። የ2004ቱ ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 1996 ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። ይህን በእጇ ቆጥራ ነው ያሳየችኝ። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ትጽፋለች፤ አንዱ ላይ ዓ.ም.፣ ሌላው ላይ እ.ኤ.አ. ትላለች። አንድ ቀን ብታዛባ ፓስፖርቱና ቅጹ እንደማይገናኙ ታውቃለች።

ስም ላይ የተማርኩት ደግሞ ያላሰብኩት ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚለው የእኛ ቅጽ ለሶማሌ ልጆች ልክ እንደ ልካቸው ነው፣ እነሱም እንደዚያው ነው የሚጠሩት። የቤተሰብ ስም ያለው ልጅ ሲመጣ ነው የሚምታታው። የቤተሰቡ ስም በአያት ቦታ ይገባል፣ በአባት ቦታ ደግሞ የራሱ ሁለተኛ ስም፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ ማንም በማይጠራው ስም ይጠራል። እሷ መጀመሪያ "ሰው ሲጠራህ ማን ይልሃል?" ብላ ትጠይቃለች። መልሱን ቅጹ ጥግ ላይ በእርሳስ ትጽፍለታለች። መጠይቄን ጥዬ ቃለ መጠይቄን ሁሉ በዚህ ጥያቄ መጀመር ጀመርኩ። ልጆቹ ፊታቸው ሲፈታ ማየት ነበረባችሁ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ "እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን" ይላል። ሲቢቲፒ፣ ማለትም ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም፣ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፣ ተማሪው ሕዝቡ ዘንድ ወርዶ ይሠራል። እኔ ግን ሁልጊዜ እኛ ረጂዎች ሕዝቡ ተረጂ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ቤት ሳንመጣም ሥራው ሲሠራ ነው የኖረው፣ ያውም ያለ ፕሮጀክት፣ ያለ በጀት።

መጨረሻ ላይ አብረን አንድ ገጽ አዘጋጀን። ሁለቱም ሰዓት፣ ሁለቱም ዘመን፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። በሯ ላይ ተለጥፏል። ፎቶ አንስታችሁ ውሰዱት፣ ደስ ይላታል።

እንግዲህ ቅጽ፣ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃ ትርጉም ያለበት የውጭ ተማሪ ካለ ወደ እሷ ላኩት። የምታስከፍለው የጽሕፈቱን ብቻ ነው፤ ቆጥራ ለምታገናኘው ቀን፣ ለምታስረዳው ነገር አትቀበልም። ያለቻት ፕሪንተር አንድ ናት፣ መብራት ሲጠፋ ሰልፍ ይበዛል፣ ስለዚህ በምዝገባ ሰሞን በጠዋት ሂዱ። አርብ ለጁምዓ ትዘጋለች።

የምትከፍተው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ለልጁ ስትነግሩት 8 ሰዓት በሉት።