ሀዋሳ ውስጥ ልጅ ይዛችሁ የምትገቡበት መናፈሻ

ሀዋሳ መናፈሻ አታጣም። ፍቅር ሐይቅ አለ፣ አሞራ ገደል አለ፣ የሆቴሎቹ ግቢም አለ። እኔ የምጽፍላችሁ ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ስላለች አንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር መናፈሻ ነው። ስሟን አልጠራም። የሚያስተዳድሯት የተፈጥሮ ባለሙያ «መምህርት፣ ስለ ዛፎቹ ጻፊ፣ እኔን ተይኝ» ብለውኛል። የሀዋሳ ልጅ የሆነ ገምቶ ይደርስባታል።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያገኘኋት ተማሪዎቼን ከከተማ ሳልወጣ የምወስድበት ቦታ ስፈልግ ነው። መግቢያዋ ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም፤ ለተማሪ ደግሞ ይቀንሳሉ። ባለሙያው ጠዋት ግቢውን ሲዞሩ (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) አብሮ መዞር ይቻላል። የተለየ ክፍያ የለውም። የትም ግን አልተጻፈም፤ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም።

ዙሩ የሚጀመረው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ጋሼ አንገታቸው ላይ ባይኖኩላር፣ ኪሳቸው ውስጥ ሴንጢ፣ እጃቸው ላይ ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ይወጣሉ። ማዳበሪያው ለፌስታልና ለሃይላንድ ነው። ሴንጢው ለክር ነው። የተበጠሰ የዓሣ መረብ ክር ቀጭን ነው፤ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ አይበሰብስም፣ የወፍ እግር ከያዘ አይለቅም። አንድ ጠዋት ውሃው ዳር ተንበርክከው ከፊላ መሐል እንዲህ ያለ ክር ሲያወጡ አየሁ። አልጎተቱትም፤ ቢጎተት ፊላውንም ይዞት ይነቀላል። በሴንጢው ጫፍ ከየአገዳው እየፈቱ፣ ስንጥር ላይ እየጠቀለሉ፣ ቀስ ብለው አወጡት። መሐሉ ላይ ጥቂት ነጭ ላባ ተተብትቦ ነበር። «ይቺ አምልጣለች» አሉ ላባውን ለልጆቹ እያሳዩ። ተማሪዎቼ ከዚያ በኋላ ወፉን ትተው ክር ፍለጋ መሬት መሬት ሲያዩ አረፈዱ። ጋሼ ዓሣ አጥማጆቹን በሲዳምኛ ያዋሯቸዋል። አሮጌ መረባቸውን ውሃ ውስጥ ከመጣል ለእሳቸው ማስረከብ የጀመሩ አሉ።

አባ ኮዳን ያስተማሩበት መንገድም ደስ ብሎኛል። የሀዋሳ ልጅ ከአባ ኮዳ ጋር ነው የሚያድገው፤ ስለለመደው ልብ አይለውም። ጋሼ አንዱን ተማሪ ጠሩና «እግሩ ምን ዓይነት ነው?» አሉት። «ነጭ።» «በደንብ እይ» አሉና ባይኖኩላሩን ሰጡት። ነጩ የራሱ ኩስ ነው። አባ ኮዳ ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ከሥር ያለው ቆዳ ጠቆር ያለ ነው። ራሱና አንገቱ መላጣ መሆኑም ይጠቅመዋል፤ ጥንብ ውስጥ አንገቱን ሲከት ላባ ቢኖረው ደምና ቆሻሻ ይይዝበት ነበር። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላስረዳቸው እችላለሁ። እንዲህ ግን አይገባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወደዚህች መናፈሻ ገብቶ «ታዲያ ምን ተሠራ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሣሩ ሁሉም ቦታ እኩል አልታጨደም። የሐይቁ ጠርዝ በፊላና በቄጠማ ተሸፍኗል፤ ውሃው ወለል ብሎ የሚታየው በሁለት በኩል ብቻ ነው። ብዙ ቦታ ይህ ተመንጥሮ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ ፎቶ ያምራል። ጋሼ አላስነካም አሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባል፣ ጎርፍ ይገባል፣ የከተማው ፍሳሽ ይገባል። ውሃው ይተናል፤ ይዞት የመጣው ነገር ግን በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከላይ ያለው ጨለለቃ ዱሮ ሐይቅ ነበር፤ ደለል እየገባበት ረግረግ ሆኗል። ስለዚህ ዳር ላይ የበቀለ ፊላ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ደለሉን ይይዛል፣ ከእርሻ የመጣውን ማዳበሪያ ይመገባል፣ ሞገዱን ያበርዳል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም ይፈልገዋል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ የሚያድጉት እዚህ ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ነው። ፊላው ከተመነጠረ መደበቂያ የላቸውም። አሞራ ገደል ሄደን በዳጣ የምንበላው ዓሣ የሚነሳው ከእንዲህ ያለ ጠርዝ ነው።

ጋሼ እምቦጭን ግን አይምሩም። ሳያብብ ነቅለው ደረቅ መሬት ላይ ያሰጡታል፤ አንዴ ካፈራ ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የወፍ ቆሎ የሚባለውን ወራሪ ቁጥቋጦም ከነሥሩ ያስነቅላሉ።

ሌላው ያልተቆረጠ ነገር ከበሩ አለፍ ብሎ ያለው ያረጀ ሾላ ነው። ግማሹ ደርቋል፣ ግንዱ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ለመኪና ማቆሚያ ሊቆረጥ ነበር፤ ጋሼ ተከራክረው አስቀሩት። ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመውን ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ታውቁታላችሁ? ሲበር ክንፉ ከሩቅ የሚሰማው። እሱ የሚፈለፍለው እንደዚህ ባለ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሴቷ ትገባና ወንዱ በሚያመጣላት ጭቃ በሩን ትደፍናለች፤ ምንቃር የምታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ትተርፋለች። ከዚያ ወንዱ ፍሬ እየለቀመ ከ3 ወር በላይ ይቀልባታል። ወጣት ዛፍ ይህን የሚያህል ቀዳዳ ከየት ያመጣል? ጋሼ ችግኝም ይተክላሉ፣ ዋንዛና ብሳና። የአምናዎቹ አጥር ታጥሮላቸው ጸድቀዋል። ግን አንዳቸውም የሾላውን ቦታ በእኛ ዕድሜ አይተኩም።

ስለ ምግቡ ብዙ የምለው የለኝም። ዓሣ ጥብሱ ጥሩ ነው፣ ይዘገያል። ቡናው ጥሩ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ጠዋት ንጹሕ ነው፤ ከሰዓት ግን ውሃ ይጠፋል። እሑድ ከሰዓት ትልልቅ ስፒከር ያወጣሉ፤ ወፍ ልታዩ ከሆነ የመጣችሁት በዚያ ሰዓት አትልፉ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ባለቤቶቹ ጋሼን ቀጥረው ምክራቸውን ግማሹን ብቻ ይሰማሉ። በር ላይ «ለጉሬዛ» እየተባለ ዳቦና ሙዝ ይሸጣል። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ጨጓራው እንደ ላም በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ ቅጠሉን የሚያብላሉለት እዚያ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዳቦና ጣፋጭ ሲገባበት ቶሎ ይቦካና ሆዱን ይነፋዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ልጃችሁ ዳቦ ዘርግቶለት ሲቀበል ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። እባካችሁ ከልክሉት። ጦጣ ያገኘውን ስለሚበላ ሆዱ ይችለዋል፤ እሱም ግን ከሰው እጅ ከለመደ በኋላ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራል።

ጋሼ ይህን ወደ ግቢው ለሚገባ ሰው ሁሉ ሲያስረዱ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይደክማሉ። በሻጮቹ አልፈርድም፤ እንጀራቸው ነው። ለሰው የሚሆን ቆሎና ለውዝ እንዲሸጡ ቦታ ማመቻቸት የባለቤቶቹ ፋንታ ነው። በአማርኛና በሲዳምኛ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ በር ላይ ቢቆም ምን ያህል ያስወጣል? ይህን በአካል ነግሬያቸዋለሁ። «እናየዋለን» ብለውኛል፤ እስካሁን አልቆመም።

ያም ሆኖ ልጆቼን፣ ተማሪዎቼን ማለቴ ነው፣ ደግሜ እወስዳለሁ። ለመሄድ ካሰባችሁ በሥራ ቀን ሂዱ። ኮፍያና የሚጠጣ ውሃ ያዙ፤ ሃይላንዱን መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ። ቦታዋን ያላወቃችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። በር ላይ ስትደርሱ ጥበቃውን «ጋሼ ዙር ወጥተዋል?» በሉት፤ በየት በኩል እንዳሉ ያሳያችኋል።