የአባላዘር በሽታ ምርመራ፦ በፖስታ ወይስ በክሊኒክ?

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ሁለቱም አማራጭ አለ። ብዙ ሐበሻ ግን የፖስታውን የሚመርጠው ስለሚሻል ሳይሆን ስለሚያፍር ነው። ወረፋው ላይ የሚያውቁት ሰው ቢኖርስ? ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን እሱ ብቻውን መወሰን የለበትም።

ምንም ምልክት ከሌላችሁና ለጥንቃቄ ያህል ከሆነ የፖስታው ይሻላል። ኪቱን (የናሙና መውሰጃ ዕቃውን) ኦንላይን ታዛላችሁ፣ ናሙናውን ቤታችሁ ወስዳችሁ ትልካላችሁ፣ ውጤቱን በስልካችሁ ታያላችሁ። ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሴቶች ራሳቸው የሚወስዱት ናሙና ነርስ ከምትወስደው አያንስም። ጆንስ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው አገልግሎት ለሜሪላንድ ነዋሪዎች ኪት በነጻ ሲልክ ቆይቷል። የግል ኩባንያዎች ጋ ግን ከ100 ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ምን ምን እንደሚመረመር አንብቡ። ቂጥኝን የማያካትት ኪት አለ። የጉሮሮ ናሙና የማይቀበልም አለ፤ ጨብጥ ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ሊቀመጥ ይችላል። የደም ምርመራ ካለበት ጣታችሁን ወግታችሁ ጠብታ ትሰበስባላችሁ። ደሙ ካነሰ ድገሙ መባል አለ።

ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም የሆድ ሕመም ካለ ግን ክሊኒክ ነው። እርጉዝ ከሆናችሁም እንደዚያው። በቅርቡ ለኤችአይቪ ተጋልጠን ይሆናል ካላችሁ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ፖስታ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍልም ቢሆን ሂዱ። ደግሞም ኪቱ ጨብጥ ወይም ቂጥኝ ካገኘ ዋናው ሕክምና መርፌ ነው። ዞሮ ዞሮ ክሊኒክ መሄዳችሁ አይቀርም።

ምስጢርን በተመለከተ ትልቁ ቀዳዳ ኢንሹራንስ ነው። የክፍያ ዝርዝሩ የሚላከው ኢንሹራንሱ በስሙ ለተገባው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አባት ወይም ባል ሊሆን ይችላል። በኢንሹራንስ ከመጠቀማችሁ በፊት የመንግሥት ክሊኒክ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ የዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። የሰፈር ሰው እንዳይገጥማችሁ ከፈራችሁ አስተርጓሚው በስልክ ይሁንልኝ በሉ።

ከሁሉ የሚከብደው አብሯችሁ ለነበረው ሰው መንገሩ ነው። ስም ሳይጠቅሱ የጽሑፍ መልእክት የሚልኩ ድረ ገጾች አሉ። ቴል ዩር ፓርትነር አንዱ ነው። ቀላል ነው፤ ግን ተቀባዩ ስካም መስሎት ሊያጠፋው ይችላል። ከእናንተ ሌላ ማንም የሌለው ሰው ደግሞ «ማንነቱ ካልታወቀ ሰው» የሚል መልእክት ሲደርሰው ላኪውን ለመገመት ደቂቃ አይፈጅበትም!

የጤና ቢሮ ባለሙያዎች ስማችሁን ሳያነሱ ራሳቸው ሊደውሉለት ይችላሉ። ለቂጥኝና ለኤችአይቪ እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ ደዋዩ ጥያቄ ይመልሳል፣ ወዴት እንደሚኬድም ይናገራል። ይመታኛል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነም ከማንም በፊት ለእነሱ ንገሩ። ለክላሚዲያ ደግሞ ለአጋራችሁ የሚሆን መድኃኒት አብረው ይሰጧችሁ እንደሆነ ክሊኒኩን ጠይቁ።

ለጨብጥና ለክላሚዲያ የሚነገረው ባለፉት 60 ቀናት አብሯችሁ ለነበረ ሁሉ ነው። የሁለታችሁም ሕክምና ካለቀ በኋላ 7 ቀን እስኪሞላ ግንኙነት የለም።