ከሄድ ኦፊስ የመጣልን የሴፍቲ ሲስተም፣ ጅማ ላይ አንድ ዓመት ከሰራሁበት በኋላ

ጅማ ባለ አንድ የውጭ ኩባንያ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሥራዬ ሴፍቲና ኢንቫይሮንመንት ነው፣ ሠራተኛው ስሜን ትቶ "ሴፍቲ" ነው የሚለኝ። ኩባንያው በብዙ አገር ፋብሪካ ስላለው አምና ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ሲስተም ይግባ ተባለና አደጋው፣ ለጥቂት የተረፈው አደጋ፣ ኢንስፔክሽኑ፣ ስልጠናው፣ የፍሳሽ ውሃው ቁጥር፣ የመብራትና የናፍጣው ፍጆታ ሁሉ በአንድ አፕ ይመዝገብ ተባለ። የሲስተሙን ስም አልጠራም፣ ግን እንደዚህ ዓይነቶቹ ስለሚመሳሰሉ ሊገዛ ያሰበ ወይም እንደኔ ከላይ የመጣለት ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ነው። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር፣ ጥሩው ደሞ ቀላል አይደለም። ድሮ አደጋ ሲደርስ ወረቀት ሞልተን አስፈርመን ለኤች አር እንሰጥ ነበር፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ በቃ እዛው ይቀራል። አሁን ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሌላ አገር ባለ እህት ፋብሪካ አንድ ሜካኒክ ማሽን እየጠገነ ሳለ ሌላው ሳያውቅ አብርቶበት እጁ ተጎዳ፣ በማግስቱ ጠዋት ታብሌቴን ስከፍት ወሬው ከነፎቶው አለ። ማሽኑ እኛም ጋ ያለው ዓይነት ነው። ከሜንቴናንስ ልጆች ጋር ወርደን ስናየው ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም፣ ስንት ዓመት ሙሉ "እንዳታበራ" ተብሎ በጩኸት ብቻ ነበር የሚሰራው። በዚያው ሳምንት መቆለፊያ ተበጀለት፣ እያንዳንዱ ሜካኒክ የራሱን ቁልፍና ስሙ ያለበትን ምልክት ያዘ። ይሄ ሲስተም ሌላ ምንም ባይሰራ ለዚህ ብቻ 2 ኮከብ ይገባዋል እላለሁ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኢንቫይሮንመንታል ሄልዝ ስማር የቦፓልን ታሪክ ስሰማ ያደረብኝ ስሜት እስካሁን አልለቀቀኝም። ኅዳር 1977 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ህንድ ውስጥ ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ 40 ቶን ገደማ ሚቲል አይሶሳይኔት የሚባል መርዝ ወጥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ። ታንኩን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ከወራት በፊት ጠፍቷል፣ ጋዙን ማቃጠል የነበረበት ማማ ቧንቧው ተፈቶ ነበር። ኩባንያው አሜሪካም ውስጥ ይሄንኑ ኬሚካል የሚያመርት ፋብሪካ ነበረው፣ ታዲያ እዛ ያለው ጥንቃቄ ቦፓልም አለ ወይ ብሎ በየቀኑ የሚጠይቅ ቢኖር ኖሮ እላለሁ ሁሌ። ስለዚህ አንድ ኩባንያ በየአገሩ አንድ ዓይነት የሴፍቲ መመዘኛ ይኑረኝ ሲል ከልቤ ነው የምደግፈው፣ አይኤስኦ 45001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሥራ ቦታ ደህንነት መመዘኛም በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደስ ያለኝ ለዚሁ ነው።

ችግሩ አንድ ዓይነት መሆን ያለበት የሰው ሕይወት ጥበቃው ነው እንጂ ፎርሙ አይደለም።

ለምሳሌ ሰርቪስ። ማለዳ ሠራተኛ ይዞ ሲመጣ አውቶቡሱ ከመንገድ ወጣና 3 ልጆች ተጎዱ፣ አንዷ ትከሻዋ ወለቀ። ሲስተሙ ላይ ልመዘግብ ስል "ወደ ሥራ በመሄድ ላይ" የሚለውን ስነካው ወዲያው "ከሥራ ጋር ያልተያያዘ" ብሎ ዘጋው፣ ምክንያቱም ሲሰራ የአሜሪካኖቹን አመዘጋገብ ይዞ ነው፣ እነሱ ጋ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረግ ጉዞ አይቆጠርም። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደሞ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄዱም ሲመለሱም የደረሰ ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ነው ይላል በግልጽ፣ አሠሪው መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም አለበት። ለልጅቷ እኮ ይሄ የሕክምና ወጪና የደሞዝ ጉዳይ ነው። እኔ በወረቀት መዝግቤ አሳወቅኩ፣ ለሄድ ኦፊስም ጻፍኩ፣ 4 ወር ፈጀ፣ አሁን "የአገር ሕግ" የምትል አንዲት ሳጥን ጨመሩልን። ሳጥኗ ብትመጣም እስካሁን በወሩ ሪፖርት ድምር ውስጥ አትገባም።

ሌላው ቋንቋ ነው። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እኛ ጋ አብዛኛው ሠራተኛ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ከዛ አማርኛ። "ማንኛውም ሠራተኛ በስልኩ ሪፖርት ያደርጋል" ተብሎ ፖስተር ተለጠፈ፣ በመጀመሪያው 3 ወር ከማምረቻ መስመሩ ሠራተኞች የመጣ አንድም ሪፖርት አልነበረም፣ ዜሮ። አደጋ ስለሌለ አይደለም።

አዴ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ አሉ፣ ከሁላችንም በላይ ፋብሪካውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሐምሌ ላይ፣ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጠርተውኝ "ልጄ ነይ እዚ ጋ ቁሚ" አሉኝ። ዕቃ የሚጫንበት መወጣጫ ላይ የጣሪያው አሸንዳ ተሰብሮ ውሃው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከውጭ በጎማ የሚገባው ቀይ ጭቃ ጋር ተለውሶ መሬቱ እንደ ሳሙና ሆኗል። ጠዋት ፎርክሊፍቱ ተንሸራቶ ካርቶን የተሸከመ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈው፣ ልጁ እየሳቀ ነው የሄደው፣ ማንም አልነገረኝም። "ይሄ ነገር አንድ ቀን ሰው ይበላል" አሉ አዴ።

ታብሌቴን አውጥቼ መመዝገብ ጀመርኩ። የመሬቱን ሁኔታ ምረጪ ሲለኝ በረዶ አለ፣ የፈሰሰ ዘይት አለ፣ ጭቃ የለም። "ሌላ" ብዬ ሞላሁ። ከዛ ጉዳዩ ለሱፐርቫይዘሩ ሄደ፣ እሱም ምክንያቱን ከዝርዝሩ "የሠራተኛ ጥንቃቄ ጉድለት" ብሎ መረጠ፣ መፍትሔው "ስልጠና ተሰጥቷል" ሆነ፣ የተፈረመበት ወረቀት ፎቶ ተያያዘና ሲስተሙ አረንጓዴ ሆነ። ተዘጋ! በ2 ቀን ስለተዘጋ እንዲያውም ምስጋና መጣልን። ለአዴ ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ "ታዲያ ውሃው ቆመ?"

አልቆመም። ሴፍቲ የተማረ ሁሉ ቅደም ተከተሉን ያውቃል፣ መጀመሪያ አደጋውን ከነጭራሹ አጥፋ፣ ካልሆነ ቀይር፣ ካልሆነ በምህንድስና ከልለው፣ ከዛ ነው ስልጠናና ምልክት፣ ጫማና ጓንት መጨረሻ ነው። ሲስተሙ ግን መጨረሻውንም መጀመሪያውንም እኩል አረንጓዴ ይቀባቸዋል። ጉዳዩን መልሼ ከፈትኩት፣ ሱፐርቫይዘሩ ተቆጣ፣ ቀይ ሲሆን ቦነስ ይነካልና። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋ ድረስ ሄጄ ዝናብ ላይ አቁሜ ነው ያሳየሁት። አሸንዳው ተቀየረ፣ መወጣጫው በሸካራ ሲሚንቶ ተለሰነ፣ የሰውና የፎርክሊፍት መንገድ በብረት ተለየ።

ስለ ቀለሙ ካነሳሁ ቁጥሩንም ልናገር። ሄድ ኦፊስ ፋብሪካዎችን የሚያወዳድረው የአደጋውን ብዛት በ200,000 አባዝቶ ለተሰራው ሰዓት በማካፈል ነው። 200,000 ማለት 100 ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንት የሚሰራው ነው። ሂሳቡ ትክክል ነው፣ ግን ያልተመዘገበ አደጋ ቁጥሩን ያሳምረዋል፣ ደፍሮ የመዘገበ ፋብሪካ መጥፎ ይመስላል። እኔ ለሠራተኛው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ወረቀት አባዝቼ፣ ማንበብ ለማይችል ደሞ ሄጄ እየሰማሁ መመዝገብ ስጀምር ለጥቂት የተረፉት አደጋዎች ከዜሮ ተነስተው በወር 20ም 30ም መድረስ ጀመሩ፣ ከላይ "ጅማ ምን ሆነ" ተብሎ ተደወለ። ጅማ ምንም አልሆነም፣ ሰዉ መናገር ጀመረ ነው ያልኳቸው።

የኢንቫይሮንመንቱ ክፍል የተሻለ ነው። የፍሳሹን ውሃ ቁጥር ከተፈቀደው ሲያልፍ ወዲያው ያስጠነቅቃል፣ የናፍጣ ፍጆታችንንም ጀነሬተር ስንት ሰዓት እንደሰራ በማየት መቀነስ ችለናል። የጅማውን የአዌቱ ወንዝ ልጅ ሆኜም አየው ነበር፣ አሁንም አየዋለሁ፣ ስለዚህ ይሄ ለኔ የሪፖርት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፣ አፑ ያለ ኔትወርክ ይሰራል ተብሎ ነበር፣ ይሰራል ግን ፎቶ ካያያዛችሁበት የሞላችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። እና ሻጩ ዴሞ ሲያሳያችሁ ቢሮ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ነው የሚያሳያችሁ፣ እናንተ ታብሌቱን ተቀብላችሁ ቦይለር ቤት ውረዱ፣ ኔትወርኩን አጥፉት፣ የማታ ሺፍት ላይ ላለች አንዲት ኦፕሬተር ስጧትና ያየችውን በራሷ ቋንቋ መዝግባ ፎቶ አንስታ ትላከው፣ ጠዋት ሲስተሙ ላይ ካገኛችሁት ያኔ ስለ ዋጋ አውሩ።