የዩካት ፈተና ዝግጅት፦ በነፃ የሚገኘው መለማመጃና የከፈልንበት ኮርስ

በእንግሊዝ አገር ሕክምና ለማጥናት የሚያመለክት ተማሪ የኤ ሌቭል (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ዩካት የተባለውን ፈተና ሳይወስድ ማመልከቻው አይታይለትም። ታላቋ ልጄ ይህን ፈተና የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ነው። ለዝግጅቷ ሁለት ነገሮችን ሞክረናል፤ አንደኛው ፈተናውን የሚያዘጋጀው የዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት በራሱ ድረ ገጽ ለማንም ሰው በነፃ የሚያቀርበው መለማመጃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገንዘብ ከፍለን የላክናት የአንድ ቀን ኮርስ ነው። ሁለቱንም ከልጄ ጎን ተቀምጬ ስላየኋቸው፣ በዚህ መንገድ ላይ ያሉ ወላጆች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ያየሁትን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ አስባለሁ።

በአገር ቤት የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደ ሰው አፕቲትዩድ የሚለውን ስም ያውቀዋል። ዩካትም የዚያው ዘር ነው፤ ከባዮሎጂም ሆነ ከኬሚስትሪ የሚጠይቀው ነገር የለም። አራት ክፍሎች አሉት። በንባቡ ክፍል ለ44 ጥያቄዎች 22 ደቂቃ፣ በውሳኔው ክፍል ለ35 ጥያቄዎች 37 ደቂቃ፣ በስሌቱ ክፍል ለ36 ጥያቄዎች 26 ደቂቃ ይሰጣል፤ የመጨረሻው፣ በሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ሁኔታዎችን እያቀረበ ዳኝነት የሚጠይቀው ክፍል ደግሞ 69 ጥያቄዎችን በ26 ደቂቃ ያስጨርሳል። የስሌቱ ክፍል የሚጠይቀው ሒሳብ ልጆቹ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ገደማ ለሚወስዱት ለጂሲኤስኢ ፈተና ከተማሩት ብዙም የራቀ አይደለም፤ ፈተናውን ከባድ የሚያደርገው ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ አርባ ሦስት ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። በንባቡ ክፍል ደግሞ አንድ ምንባብ አንብቦ በሥሩ ያሉትን አራት ጥያቄዎች ለመመለስ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ለዚህ ፈተና መዘጋጀት ማለት አዲስ እውቀት መሸመት ሳይሆን፣ ልጁ ያለውን ችሎታ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ እንዲያወጣ ማለማመድ ነው፤ የትኛውንም መለማመጃ የምመዝነውም በዚህ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በነፃ የሚገኘው መለማመጃ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እያንዳንዱን ክፍል የሚያስረዳ መግቢያ፣ በየክፍሉ የተሰበሰቡ ጥያቄዎች፣ እንዲሁም ሰዓት እየቆጠሩ የሚሠሩ ሙሉ ፈተናዎች አሉት። ትልቁ ጥቅሙ ግን የፈተናውን ቀን ስክሪን እንዳለ ማቅረቡ ነው፤ ጊዜውን የሚቆጥረው ሰዓት፣ ኋላ ለመመለስ ጥያቄን ምልክት የሚያደርጉበት ቁልፍ፣ በስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ካልኩሌተር ሁሉ በፈተናው ዕለት እንደሚገኙት ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት የካልኩሌተሩን ቁጥሮች አንድ በአንድ በማውስ ስትጫን አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ፤ 18 በመቶን ለማስላት ብቻ ሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጅባት ነበር። የላፕቶፗ ኪቦርድ በቀኝ በኩል የሚሆነው የቁጥር ሰሌዳ አልነበረውምና፣ ርካሽ ኪቦርድ ገዝተን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘንላት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣቶቿ ቁጥሮቹን ሳታይ የሚያገኟቸው ሆኑ፤ የስሌቱ ክፍል ውጤቷም ያን ጊዜ ከፍ አለ። ከዚህ ዝግጅት ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ያተረፍንበት ይህ ነው። በፈተናው ክፍል ወረቀት አይፈቀድም፤ በላስቲክ የተሸፈነ ሰሌዳና የሚጽፍበት ማርከር ብቻ ስለሚሰጥ፣ እቤትም በዚያው ዓይነት እንድትለማመድ አደረግን።

በንባቡ ክፍል ልጄን ያስቸገራት ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ከመልሶቹ መካከል «እውነት»፣ «ሐሰት» እና «ከምንባቡ ማወቅ አይቻልም» የሚሉት ይገኛሉ፤ ሦስተኛውን ለመምረጥ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ትቶ ፊቱ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ማመን አለበት። እንዳልገባት ባየሁ ጊዜ አንድ ምሽት ስለ ቡና አምስት መስመር በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን የነበሩ ሱፊዎች ሌሊት ለጸሎት ነቅተው ለመቆየት ቡና ይጠጡ እንደነበር፣ ከዚያም ወደ ካይሮና ወደ ኢስታንቡል እንደተስፋፋ የሚገልጽ ነበር። ከሥሩ «ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በኢትዮጵያ ነው» ብዬ ጠየቅኋት። ሳትውል ሳታድር «እውነት» አለች። «የት ላይ አነበብሽው የኔ እናት?» ስላት ወደ ወረቀቱ ተመልሳ ፈለገች፤ አጣችው። «አባዬ፣ የከፋን ቡና የማያውቅ አለ እንዴ?» አለችኝ። ማወቋ ትክክል ነው፤ ምንባቡ ግን አላለም፤ ስለዚህ መልሱ ሦስተኛው ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ እያንዳንዱን መልስ ከመምረጧ በፊት የሚደግፈውን መስመር በጣቷ ስክሪኑ ላይ ማሳየት ልማዷ ሆነ። ነፃው መለማመጃ ለየጥያቄው መልስ ማብራሪያ ስላለው፣ የተሳሳተችባቸውን በዚያው መሠረት እየመለስን እናያቸው ነበር።

የተከፈለበትን ኮርስ በተመለከተ የማዝነው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ክፍያው ፈተናውን ለመውሰድ ከሚጠየቀው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር፤ ልጄም ሙሉ ቅዳሜዋን ሰጥታለች። አስተማሪው ትሑትና ትጉህ ወጣት እንደነበር ነግራኛለች። ይሁን እንጂ ጠዋቱን በሙሉ ያሳለፉት የቅርጾችን ሥርዓት በማግኘት ልምምድ ላይ ነው፤ የተሰጣት ጥራዝም ከሲሶ በላዩ ስለዚሁ የሚያትት ነበር። ይህ ክፍል ከ2025 ፈተና ጀምሮ ከዩካት ወጥቷል። ልጄ እጇን አውጥታ ስትጠይቅ «ለአእምሮ ጥሩ ነው» የሚል መልስ አገኘች። ሕክምና የመማር ተስፋዋን ይዛ የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከእንግዲህ በማይጠየቅ ነገር ላይ ግማሽ ቀን ማሳለፏ ሊታለፍ የማይገባው ጥፋት ነው። ከሰዓት በኋላ ስለ ስሌት የተማሩት ደህና ነበር፤ ግን ያን ሁሉ በነፃው መግቢያ አስቀድማ አይታዋለች። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዬ ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለም። ለማንኛውም ኮርስ ከመክፈል በፊት ጥራዙ የየትኛው ዓመት እንደሆነና የውሳኔው ክፍል በስንት ጥያቄ እንደተዘጋጀ መጠየቅ ይገባል፤ 29 ካሉ የቀድሞውን ፈተና እያስተማሩ ነው። ዘመድ ያወረሰው መጽሐፍም እንዲሁ ይመርመር። ውጤትም ሲወዳደር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዛሬ ሙሉ ውጤቱ ከ900 እስከ 2700 ሲሆን፣ ቅርጾች በነበሩበት ጊዜ ከ1200 እስከ 3600 ስለነበር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተፈተነችው የአክስቷ ልጅ ያገኘችው ቁጥር ለእኛዋ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻው ክፍል ከውጤቱ ድምር ተለይቶ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ባለው ደረጃ ብቻ የሚገለጽ በመሆኑ ብዙዎች ይንቁታል። በእኛ ቤት ላደገ ልጅ ግን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ይመስለኛል። አንድ የሕክምና ተማሪ፣ ከእሱ በላይ የሆነው ሐኪም እጁን ሳይታጠብ ወደ ታማሚ ሲቀርብ አየ እንበል። ልጄ፣ ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር እንደሆነ እየነገርናት ስላደገች፣ ዝም ብሎ ኋላ መናገርን መረጠች። ሙያው ግን የታማሚውን ደኅንነት ያስቀድማል፤ በአክብሮት ወዲያውኑ መናገር ይጠበቃል። ይህን የተረዳነው የሐኪሞች ተቆጣጣሪ የሆነው ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል ያወጣውንና ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የሚሠራበትን ጉድ ሜዲካል ፕራክቲስ የተባለ መመሪያ አብረን ባነበብን ጊዜ ነው። እሱም በነፃ ይገኛል። ምሽቶቹ ስለ ክብርና ስለ እውነት ከልጄ ጋር ያወራንባቸው በመሆናቸው ለእኔም የተለዩ ነበሩ።

ነፃው መለማመጃ አንድ ገደብ አለው፤ ሙሉ ፈተናዎቹ ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም የጨረሰ ልጅ ለኋላ የሚመዘንበት ያጣል። እኛ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምረን በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ በየክፍሉ ጥያቄዎች ላይ አሳለፍን፤ ሙሉ ፈተናዎቹን ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ጠዋት ላይ፣ ስልኳን ሌላ ክፍል አስቀምጣ እንድትሠራቸው አደረግን። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ባዶ ጥያቄ እንዳይቀር መለማመድም የዝግጅቱ አካል ነበር።

ፈተናው የሚሰጠው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ፒርሰን ቪዩ በተባለው ድርጅት የፈተና ማዕከላት ሲሆን፣ በአንድ ዓመት መውሰድ የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውጤቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚታወቅ፣ ኦክቶበር 15 ከሚዘጋው የዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን የሚቀበለው ተቋም) ማመልከቻ በፊት ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ ማመልከት እንደሚሻል አስቦ ለመወሰን ጊዜ አለ፤ ለዚህም ሲባል ቀኑን ኦገስት ላይ ማድረጉን እመክራለሁ። በ2025 ክፍያው በእንግሊዝ ውስጥ 70 ፓውንድ ነበር። ልጃቸው በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ የሚያገኝ ወይም ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን የመንግሥት ድጋፍ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ይህን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ድጎማ መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚሰጠው ኮድ የሚያገለግለው በመክፈያው ጊዜ በመሆኑ፣ ማመልከቻው መቅረብ ያለበት የፈተና ቀጠሮ ከመያዙ አስቀድሞ ነው።