ባለ 20 ቶን ሃይድሮሊክ ክሪክ፣ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ሥራው የጭነት መኪና ጎማ ማስቀየር ነው፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ አቧራማ መንገድ ዳር። ወርዶ ሲቀመጥ ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዘንጉ 15 ሴንቲ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥርሳም ማስረዘሚያ ሲፈታ ሌላ 6 ሴንቲ ይጨምራል። በጉልበቱ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም፤ ጭነት ያለበትን የኋላ አክሰል አንድ ሰው ብቻውን ያነሳበታል። ድክመቱ የታየው በአምስተኛው ወር፣ ያነሳውን ይዞ መቆም ሲሳነው ነው።

መውረዱን ለማረጋገጥ መኪናውን ትንሽ አንስቶ፣ ከአንገቱ ጥግ ዘንጉ ላይ በጠመኔ መስመር ማድረግና 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። መስመሩ ወደ ውስጥ ከገባ ዘይት በውስጥ እያለፈ ነው። ብዙ ሰው ውጭ የሚያየውን ፍሳሽ የመውረዱ ምክንያት ያደርገዋል። ነገር ግን የእጀታው ትንሿ ፒስቶን ዙሪያ ዘይትና አቧራ ተለውሶ ጥቁር ሊጥ ቢሠራ ያለቀው የፓምፑ ኦሪንግ (ዘይት የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ነው፤ እሱ ዘይት ያጎድላል፣ ማንሳትንም ያደክማል እንጂ የተነሳውን አያወርድም። የሚያወርደው የመልቀቂያው ቫልቭ፣ ከፓምፑ ወደ ሲሊንደሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም የዘንጉ የታች ጎሚኒ ነው። መጀመሪያ መልቀቂያውን ማየት ይሻላል፤ ለመፍታት ቀላሉ እሱ ነው።

ክሪኩ ከጭነቱ ሥር ወጥቶ ዘንጉ እስከ ታች ይውረድ፣ ዘይቱም ይፍሰስ። የመልቀቂያው ብሎን ሲወጣ ከሥሩ ከሽምብራ የምታንስ የብረት ብይ አለች፤ በማግኔት ትወጣለች። በዚህኛው ክሪክ ብይዋ የምትቀመጥበት ክብ ላይ የተጣበቀች የብረት ፍቅፋቂ ተገኘች፤ የመርፌ ጫፍ አታህልም፣ 20 ቶን የሚያነሳውን ዕቃ ያስነከሰችው ግን እሷ ናት። ቦታውን በንጹሕ ናፍጣና ክር በማይተው ጨርቅ መጥረግ በቂ ነበር። መቀመጫው ተጭሮ ከሆነ ብይዋን መልሶ በነሐስ ዘንግ አንዴ በስሱ መታ ማድረግ፣ ከዚያም በአዲስ ብይ መቀየር። የመልቀቂያውን ብሎን ኦሪንግ በዚያው መለወጥ ይሻላል። የግፊት መገደቢያው ብሎን ግን ፈጽሞ አይነካ፤ ክሪኩ ከአቅሙ በላይ እንዳያነሳ የሚከለክለው እሱ ነው።

ዘይቱ ቁጥር 32 ሃይድሮሊክ ይሁን። የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ የሞተር ዘይት በብርዳማ ጠዋት ይወፍራል። ክሪኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዘንጉ ወርዶ፣ እስከ ዘይት መሙያው የጎማ ውታፍ ቀዳዳ የታች ከንፈር ድረስ ይሞላል። ዘንጉ ወጥቶ እያለ የሞላ ሰው ሲያወርደው በውታፉ በኩል ይተፋበታል። ከዚያ መልቀቂያውን ከፍቶ እጀታውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ መምታት አየሩን ያስወጣል። እጀታው አሁንም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መድገም ነው። አየሩ ወጥቶም እስከ መጨረሻው የማያነሳ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል።

ሲጓጓዝ በጎኑ መተኛቱ ሌላው ጠላቱ ነው፤ በውታፉ ያንጠባጥባል፣ ፓምፑም አየር ይስባል። አሁን ከወንበሩ ጀርባ በቀበቶ ቆሞ ይታሰራል።

ከጥገናው ወዲህ ሦስት ወር ሆኖታል፤ የጠመኔው መስመር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ለጎማ ሥራ ዳግም የሚገዛ ዕቃ ነው። ከመኪናው ሥር ለሚገባ ሰው ግን መጀመሪያ አክሰሉ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ፣ ክሪኩም ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ።