ለሌሊት የካዮቲ አደን ተርማል ስኮፕ ሲገዙ መጀመሪያ ባትሪውን ይዩ

አማሪሎ፣ ቴክሳስ አካባቢ ፍየል ለሚያረባ ሰው ጥርና የካቲት ከባድ ወራት ናቸው። ካዮቲ፣ ያ ከቀበሮ ተለቅ ከተኩላ አነስ ያለው አውሬ፣ የመራቢያ ወቅቱ ያኔ ነው፤ ሌሊቱን ሲጯጯህ ያድራል፣ ግልገል ሲወለድ ደግሞ አጥር ሥር ድረስ ይመጣል። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በ120 ሜትር ርቀት ቆሞልኝ፣ ጣቴን ወደ ምላጩ ሳስጠጋ የተርማል ስኮፔ፣ ያ በሙቀት አይቶ በጨለማ የሚያሳየው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ፣ ስክሪኑ ጭልም አለ። ማታ ስወጣ ባትሪው ሙሉ ነበር። ሲነጋ ሁለት ግልገል ጎድሎ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ስኮፕ ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝን ሰው፣ ስለ ማጉያውና ስለ ፒክስሉ ከማውራታችን በፊት፣ የምጠይቀው በምን ባትሪ እንደሚሠራ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ብቻ አይመኑ። እሱ የሚለካው በምቹ ሁኔታ ነው፤ የእኛ ሌሊት ግን ምቹ አይደለም። ይልቅ የባትሪውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ያባዙት (1000 ሚሊአምፔር ሰዓት አንድ አምፔር ሰዓት ነው)፤ የሚያገኙት ዋት ሰዓት ሁሉንም ባትሪ በአንድ ሚዛን ያስቀምጥልዎታል።

በመጀመሪያ ሲአር123ኤን እና 18650ን ጎን ለጎን እንይ። ሲአር123ኤ አጭርና ወፍራም፣ ቻርጅ የማይደረግ የ3 ቮልት ሊቲየም ነው፤ 1500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። እንደ ትሪጂኮን ሪፕ አይአር እና እንደ መጀመሪያዎቹ ኤጂኤም ራትለሮች ያሉት ስኮፖች ሁለት ሁለት ይጎርሳሉ። ሁለቱ ተደምረው 9 ዋት ሰዓት ናቸው። ስኮፑ 2 ዋት ገደማ የሚወስድ ከሆነ 4 ሰዓት ተኩል ይሠራል። 18650 ደግሞ ስሙ መጠኑ ነው፦ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ባለ 3.6 ቮልትና ባለ 3500 ሚሊአምፔር ሰዓቱ አንዱ ብቻውን 12.6 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ያው ስኮፕ ከ6 ሰዓት በላይ ይዘልቃል ማለት ነው፤ ሲያልቅም ቻርጅ ይደረጋል። በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚወጣ ሰው በሲአር123ኤ ብቻ ቢጠቀም የወር ወጪው ቶሎ ይሰማዋል።

ታዲያ ሲአር123ኤ ለምን ይኖራል? ለብርድ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ሊቲየም አዮን ከዜሮ በታች 15 እና 20 ዲግሪ ሲደርስ ከአቅሙ ብዙ ያጣል፤ ሲአር123ኤ ግን እንዲያ ባለው ብርድ ተሽሎ ይገኛል፣ መሳቢያ ውስጥም 10 ዓመት ያህል ሳይበላሽ ይቀመጣል። ስለዚህ እኔ ዋናው 18650 ይሁን፣ ስኮፑ የሚቀበል ከሆነ ሲአር123ኤ መጠባበቂያ ይሁን እላለሁ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። በሲአር123ኤ ቦታ ልክ የሚገባ፣ 16340 የሚባል ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለ። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ተከታትለው ሲገቡ 6 ቮልት ለሚጠብቅ ስኮፕ 8.4 ቮልት ይልኩበታል። መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ አያስገቡት። ሁለተኛ፣ መከላከያ ሰርኪዩት የተጨመረበት 18650 ወደ 69 ሚሊሜትር ስለሚረዝም ክዳኑ ላይገጥም ይችላል፤ ስኮፑ የትኛውን እንደሚወስድ አስቀድመው ያጣሩ። ሦስተኛ፣ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት 18650 ውሸት ነው፤ የዚህ መጠን ባትሪ ያንን አይይዝም።

ሁለተኛው ምርጫ ባትሪው ውስጡ የተገጠመለት ስኮፕ ነው። ኤቲኤን ቶር 4 በኩባንያው አነጋገር ከ16 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ብርዱ ከዚያ ላይ ቢቀንስበት እንኳ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ማታ ቻርጅ ማድረግ ከረሱ ከኪስ አውጥተው የሚቀይሩት ነገር የለም፤ ከዓመታት በኋላ ባትሪው ሲደክምም ስኮፑን ለጥገና መላክ ነው። ፑልሳር ተርሚየን 2 ሁለቱን አጣምሯል፦ በውስጡ 4900፣ ተነቃዩ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት። ተነቃዩን ሲቀይሩ ምስሉ አይጠፋም። ገንዘቡ ላለው ሰው ከሁሉም የምመርጠው ይህን አሠራር ነው። ጉድለቱ ተነቃዩ የኩባንያው የራሱ ስለሆነ ከጎረቤት ሱቅ አይገኝም፤ ተጨማሪውን ከስኮፑ ጋር አብረው ይግዙ።

ፓወር ባንክስ? ባለ 10000 ሚሊአምፔር ሰዓቱ 37 ዋት ሰዓት ይዟል፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ከአብዛኛው የስኮፕ ባትሪ ይበልጣል። በረት አጠገብ አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ርካሹና ምርጡ እሱ ነው። በየ20 ደቂቃው እየተነሣ ቦታ ለሚቀይር ግን ገመዱ በቁጥቋጦ ይያዛል፣ የዩኤስቢ ክዳኑ ተከፍቶ ስለሚቆይ ጤዛ ይገባል። ስኮፑን ስታንድባይ (ሳይጠፋ በዕረፍት) ላይ ሲያደርጉ ደግሞ አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚስበው ነገር አንሶ ሲያገኘው በራሱ ይጠፋል፤ ቤት ውስጥ አስቀድመው ይሞክሩት።

አሁን ሁሉም ሻጭ ወደማይነግርዎት ነገር ልግባ። የስኮፕን ባትሪ ከምንም በላይ የሚጨርሰው በስኮፑ ሜዳውን መቃኘት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይናችንን ከስኮፑ ላይ ሳንነቅል እናድራለን፤ የምንተኩስበት ግን ደቂቃ አይሞላም። ባትሪው ይቅርና አደጋው ይብሳል፦ ምን እንደሆነ ያላወቁትን ነገር ሁሉ በጠመንጃ አፈሙዝ እየጠቆሙ ነው የሚያዩት። በተርማል ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው የጎረቤት ውሻ፣ ጥጃ ወይም ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጀትዎ ሁለት ነገር የሚችል ከሆነ መካከለኛ ስኮፕና በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ተርማል ይግዙ፤ አንድ ውድ ስኮፕ ብቻ ከመግዛት ይሻላል። በእጅ በሚያዘው ይቃኛሉ፤ ስኮፑ ስታንድባይ ላይ ይቆያል፤ እንስሳው ሲመጣ ስኮፑን ያነቁታል። እኔ እንዲህ ካደረግኩ ወዲህ አንድ 18650 ሌሊቱን አድርሶኛል። ዋይፋዩን መዝጋት፣ ብርሃኑን መቀነስና ቪዲዮውን ማቆምም ይረዳል፤ የብርሃኑ መቀነስ ለዓይንም ዕረፍት ነው።

መጠባበቂያውን ባትሪ ከሸሚዝ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ ይያዙ። በሌሊት የቀዘቀዘውን ሊቲየም አዮን ወደ ቤት እንደገቡ ቻርጀር ላይ አይሰኩት፤ ከዜሮ በታች እያለ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። አንድ ሁለት ሰዓት ቤት ውስጥ ይሙቅ።

ለአገር ቤት ዘመድ ስኮፕ በሻንጣ ልውሰድለት የሚሉም አጋጥመውኛል። ተርማል የጠመንጃ ስኮፕ በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ያስከስሳል። በአገር ውስጥ ለአደን ሲበሩ ደግሞ ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገቡም።

ሱቅ ሲሄዱ የክረምት ጓንትዎን ይዘው ይሂዱ። ጓንቱን ያጥልቁ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ የባትሪውን ክዳን ከፍተው ባትሪውን ቀይረው ይዝጉ። ክዳኑ ከስኮፑ ጋር ካልታሰረና ከእጅዎ ከወደቀ፣ ሣር ውስጥ በጨለማ አያገኙትም፤ ሌላ ያሳይዎት።