ጎንደር ውስጥ በትዕዛዝ የሚሠራው ባለ 2ኤ3 አምፕሊፋየር፦ ድምፁ ያረካል፣ አነሳሱ ያሰጋል

አራዳ ገበያ አካባቢ ካሉት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ቤቶች አንዱ ትራንስፎርመር ከመጠምጠም አልፎ የቫልቭ (የብርጭቆ ቱቦ) አምፕሊፋየር በትዕዛዝ ይሠራል። ቫልቮቹን ገዥው ያመጣል፤ ላሜራውን፣ ትራንስፎርመሮቹንና ብየዳውን ቤቱ ይችላል። የምንገመግመው ስቴሪዮውን ነው፦ በየቻናሉ 2ኤ3 የተባለ አንድ የውጤት ቫልቭ ያለበት፣ ቀጥታ የተያያዘ ሲንግል-ኤንድድ (የድምፁን ሞገድ ሙሉውን አንድ ቫልቭ ብቻውን የሚሸከምበት)። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፤ ቫልቩን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው የውጤት ትራንስፎርመር ከጠበቅነው በላይ ሆኖ አግኝተነዋል። የኃይል ክፍሉ ግን እንደተረከቡት ሶኬት ላይ የሚሰካ አይደለም።

በቫልቭ ውስጥ ካቶዱ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ፕሌቱ ይቀበላል፣ ግሪዱ በመካከል ሆኖ ፍሰቱን ይቆጣጠራል። በተለመደው አሠራር ድምፁን መጀመሪያ በሚያጎላው በነጂው ቫልቭ ፕሌትና በውጤቱ ቫልቭ ግሪድ መካከል አንድ ካፓሲተር ይቆማል፤ ዲሲውን ያግዳል፣ ድምፁን ያሳልፋል። እዚህ ካፓሲተሩ የለም፤ ሁለቱ በሽቦ ተገናኝተዋል። ሎፍቲንና ዋይት የተባሉ አሜሪካውያን አሠራሩን ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ነው፤ 2ኤ3 ደግሞ በ1933 ከአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ወጣ። ካፓሲተሩ ሲቀር ሥራው ሁሉ ወደ ቮልቴጅ ይዞራል። የነጂው ፕሌት 150 ቮልት ላይ ከሆነ የ2ኤ3 ግሪድም 150 ላይ ነው። ግሪዱ ከካቶዱ በ45 ቮልት ዝቅ ማለት ስላለበት ካቶዱ 195 ቮልት ድረስ መውጣት አለበት። 2ኤ3 ከካቶዱ በላይ 250 ቮልት ይፈልጋል፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ 12 ቮልት ገደማ ይበላል። ድምሩ 460 ቮልት ይጠጋል።

ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት ባለበት ሰዓት በቴስተር ስንለካ ያገኘነውም ይኸው ነው። ነጂው 6ኤስኤል7 ሲሆን አንዱ ግማሹ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ ይሠራል፤ ካቶዱ ላይ 1.2 ኪሎ ኦም፣ ፕሌቱ ላይ 270 ኪሎ ኦም፣ ከዚያ በላይ 47 ኪሎ ኦም ከ10 ማይክሮፋራድ ማጣሪያ ጋር። ፕሌቱ 150 ቮልት፣ ጅረቱ 1 ሚሊአምፔር ገደማ። የ2ኤ3 ካቶድ በ3.3 ኪሎ ኦም፣ 25 ዋት ሪዚስተር ላይ ተቀምጦ 195 ቮልት ያሳያል፤ 59 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ስሌቱን የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለንም።

ቅሬታችን ከማብሪያው እስከ ሃያኛው ሰከንድ ድረስ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ማስተካከያ ቫልቭ 5ዩ4ጂ ነው፤ ፊላመንቱ ራሱ ካቶድ ስለሆነ በሁለትና ሦስት ሰከንድ ይግላል። 2ኤ3ም እንደዚያው ነው። 6ኤስኤል7 ግን ካቶዱ በተዘዋዋሪ የሚሞቅ በመሆኑ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይፈልጋል። እስኪሞቅ ድረስ ምንም ጅረት አይስብም፤ ጅረት ካልሳበ በ270 ኪሎ ኦሙ ላይ የሚወርድ ቮልቴጅ የለም፤ ስለዚህ የ2ኤ3 ግሪድ ወደ 460ው አቅጣጫ ይጎተታል። ትልቁ የካቶድ ሪዚስተር ባይገታው ቫልቩ እዚያው ይቃጠል ነበር። ቢገታውም ጅረቱ 110 ሚሊአምፔር ገደማ ይደርሳል፣ ካቶዱ ወደ 360 ቮልት ይወጣል፣ 25 ዋት የተባለው ሪዚስተር ለዚያች ጊዜ 40 ዋት ይሸከማል።

አሁን ከካቶዱ ጋር የተጣመረውን ካፓሲተር ይመልከቱ፦ 100 ማይክሮፋራድ፣ 250 ቮልት። ሥራ ላይ ባለ ሰዓት 195 ብቻ ስለሚያይ በቂ ይመስላል፤ በየማብሪያው ግን ከአቅሙ በላይ 110 ቮልት ገደማ ይጫንበታል። እንዲህ ያለ ካፓሲተር መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ሾርት ያደርጋል። ሾርት ሲያደርግ ካቶዱ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ግሪዱ 150 ቮልት ላይ እንዳለ ይቀራል። ያኔ 2ኤ3 አይተርፍም፣ ምናልባት የውጤት ትራንስፎርመሩም አብሮ ይሄዳል። አምፕሊፋየሩ ለወራት እያማረ ሠርቶ አንድ ቀን የሚቃጠለው በዚህ መንገድ ነው፤ ጥፋቱም ያለ ኃጢአቱ በቫልቩ ላይ ይላከካል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የካቶዱን ካፓሲተር በ450 ቮልት ያስቀይሩ። 5ዩ4ጂውን በ5ኤአር4፣ በሌላ ስሙ ጂዜድ34፣ ይተኩ፤ እሱ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚደርሰው 6ኤስኤል7 ከነቃ በኋላ ወይም አብሮት ነው። እግሮቹ ይገጥማሉ፣ ፊላመንቱም ያው 5 ቮልት ነው፣ ጅረቱም ከ3 ወደ 1.9 አምፔር ይቀንሳል። ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ የዲሲው ሽቦ ከ8ኛው እግር መነሣቱን፤ በ5ዩ4ጂ ከ2ኛው ቢነሣም ይሠራል፣ በ5ኤአር4 ግን ካቶዱ ያለው 8ኛው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ ካፓሲተር ከ60 ማይክሮፋራድ እንዳይበልጥ። 5ኤአር4 በውስጡ የሚያስቀረው ቮልቴጅ ትንሽ ስለሆነ አቅርቦቱ 20 ቮልት ያህል ይጨምራል፤ ከመጀመሪያው ካፓሲተር ቀጥሎ 150 ኦም፣ 10 ዋት ሪዚስተር ማስገባት ያን ይመልሰዋል። የሰዓት ቆጣሪ ሪሌይ የሚመርጡ አሉ። መብራት ሄዶ በደቂቃ ውስጥ በሚመለስበት ከተማ ግን ሪሌዩ እንደገና ከዜሮ የማይቆጥር ከሆነ ከንቱ ነው።

የመብራቱ ነገር ከተነሣ፣ ማታ ላይ ሶኬቱ 240 ቮልት ሲያሳይ ምን እንደሚሆን አስልተናል። 460ው 502 ይሆናል፤ 450 ቮልት ብቻ የሚችል የማጣሪያ ካፓሲተር ቀድሞውንም ያለ አቅሙ ነው የገባው። 350 ቮልት የሚችሉ ሁለት በተከታታይ፣ በእያንዳንዱ ላይ 220 ኪሎ ኦም ማመጣጠኛ ይዞ መግባት አለበት። 2ኤ3 ደግሞ ሊሸከም የሚገባው 15 ዋት ሲሆን በ220 ቮልት ልክ ጫፉ ላይ ነው፤ በ240 ወደ 17.7 ዋት ያልፋል። የካቶዱን ሪዚስተር ከ3.3 ወደ 3.9 ኪሎ ኦም ቢያስቀይሩት ጅረቱ 50 ሚሊአምፔር ይሆናል፣ በ220 ላይ 13 ዋት ገደማ፣ በ240 ላይ 15። የሚታጣው የውጤት ኃይል ከግማሽ ዋት አይበልጥም። ስታቢላይዘር ያለው ሰው 3.3ቱን ማቆየት ይችላል። ሪዚስተሩ ግን በማንኛውም መንገድ 50 ዋት የሚችል፣ ከላሜራው ጋር በብሎን የተያዘ ይሁን። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ መረጃ ወረቀት ላይ ያለው የማቀዝቀዝ አቅም እዚህ ሙሉ በሙሉ አይገኝም።

ወደ ምርጡ ክፍል እንምጣ። ሲንግል-ኤንድድ የውጤት ትራንስፎርመር እንደ ተራ የኃይል ትራንስፎርመር አይደረደርም። የ2ኤ3 ዲሲ ጅረት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያልፍበት የኢ (E) ቅርጽ የብረት ቅጠሎች ቁልልና የአይ (I) ቅርጽ ቅጠሎች ቁልል ተለያይተው፣ በመካከላቸው ወረቀት ገብቶ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ይህን የማያውቅ ጠምጣሚ ቅጠሎቹን አፈራርቆ ያስገባቸዋል፤ ብረቱ በዲሲው ብቻ ይጠግባል፣ ከበሮው ይጠፋል። ይህ ቤት 14 ካሬ ሴንቲሜትር ብረት ላይ 2,600 ዙር ጠምጥሟል፣ ሁለተኛውን 147 ዙር አድርጓል፤ 8 ኦም ስፒከር ለቫልቩ 2,500 ኦም ሆኖ ይታያል፣ 2ኤ3 የሚፈልገውን ያህል። ወረቀቱ 0.15 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው ጥምጥም በሦስት ተከፍሎ ሁለተኛው በመካከሉ ገብቷል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያድነው ይህ ነው።

ሌላ ቦታ የሚያስጠመጥም ሰው ክፍተቱ መኖሩን ሳይፈታ ማወቅ ይችላል። 220 ቮልቱን በ60 ዋት አምፖል በኩል በተከታታይ ለመጀመሪያው ጥምጥም ይስጡና ጅረቱን ይለኩ። በዚህ መጠን ለተጠመጠመ ከ20 እስከ 35 ሚሊአምፔር ደህና ነው። ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ካሳየ ክፍተት የለውም። ሁለተኛው ላይ 12.4 ቮልት ገደማ መነበብ አለበት። ጫፎቹን በእጅ አይንኩ።

የቀሩት ጥቃቅኖች ናቸው፣ ግን መታረም አለባቸው። የሁም (ከመብራቱ የሚመጣ የእምምታ ድምፅ) ማስተካከያው 100 ኦም ፖቴንሺዮሜትር ላሜራው ላይ በቀጥታ ተበሎኗል፤ አካሉ ውስጥ 195 ቮልት ስላለ በፕላስቲክ ሰሌዳ መነጠል፣ በፕላስቲክ ጠመንጃ መፍቻ ብቻ መዞር አለበት። የኃይል ገመዱ ባለ ሁለት እግር ነው፤ ባለ ሦስት ያስደርጉና ኧርዙን ከላሜራው ያገናኙ። ከጠፋ በኋላ ቻርጁን የሚያፈስ ሪዚስተርም የለም፦ ሁለት 100 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት በተከታታይ ይበቃል፤ ክዳኑን ከመክፈት በፊት ግን ሁለት ደቂቃ ይጠብቁና በቴስተር ያረጋግጡ። ቀለሙና እንጨቱ ያምራል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ማሲንቆው ላይ ቀስቱ ፀጉሩን የሚይዝበት ሸካራነት ሳይደፈጠጥ ይወጣል፤ የዘፋኙ ትንፋሽም እንዲሁ። ከበሮው ወፈር ይላል። ምክንያቱ አይሰወርም፤ ግብረ መልስ (ከውጤቱ ወደ ግቤቱ የሚመለስ ማረሚያ) ስለሌለው የውጤት ኢምፔዳንሱ 3.5 ኦም ገደማ ነው፣ ስፒከሩን አጥብቆ አይዝም። ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ የደበዘዘ ከመሰለዎት በ6ኤስኤል7 በእያንዳንዱ የካቶድ ሪዚስተር ላይ 220 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር በትይዩ ያስገቡ። የነጂው ውስጣዊ ኢምፔዳንስ ስለሚወርድ ላይኛው ወሰን ከ22 ወደ 40 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሄዳል፣ ሙሉ ኃይል ለማውጣት የሚፈልገውም ግቤት ከ0.7 ወደ 0.55 ቮልት ይቀንሳል። ከስልክ በቀጥታ ለሚያዳምጥ ይህ ጥቅም ነው።

3.5 ዋት ለሠርግና ለአዳራሽ አይሆንም። በአንድ ዋት 87 ዴሲቤል ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር ያለው ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ፤ 94 እና ከዚያ በላይ ያለው ግን ሳሎኑን ይሞላል።

ሊያዙ ከሆነ ቫልቭዎን ሳይወስኑ ጠምጣሚውን አያስጀምሩ። 2ኤ3 በ2.5 ቮልት፣ 2.5 አምፔር ፊላመንት ይሠራል፤ የሶቪየቱ 6ኤስ4ኤስ ያው ቫልቭ ሆኖ 6.3 ቮልት፣ 1 አምፔር ይፈልጋል፣ ሶኬቱም ባለ ስምንት እግር ነው። ለ6ኤስኤል7 ምትክ የሚሆነው 6ኤን9ኤስ ምንም ለውጥ አይጠይቅም። የትኛውንም ቢመርጡ የሁለቱ ውጤት ቫልቮች ፊላመንት ጥምጥም የየብቻ፣ ከነጂውም የተለየ፣ ከብረቱ ጋር ቢያንስ 500 ቮልት የሚችል መከለያ ያለው እንዲሆን በጽሑፍ ያስፍሩ።